ስካርን ለመቀነስ የተሸጠ ቢራ

በከተማችን በኮሎምበስ አንድ ኮሌጅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ የተከበረ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ ለሰው ልጅ ትልቅ ውለታ ውሏል። ቀሳውስት፣ ሼሆች፣ ሐኪሞችና የሰካራም ሚስቶች ስካርን በምን እንቀንሰው እያሉ ሲጨነቁ ኖረዋል። መክረዋል፣ አውግዘዋል፣ አልቅሰዋል። አልሆነም። ኮሌጁ ግን ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ሁለት ዓመት አስጠንቶ፣ መድኃኒቱን አገኘው። መድኃኒቱ ቢራ መሸጥ ነው።

ጥናቱ አርባ አራት ገጽ ነው። የእኔ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የልጅ ልጄ ያኤል ናት በስልኳ እያነበበች የነገረችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የኮሌጁ ቡድን ሲጫወት ስታዲየሙ ውስጥ ቢራ አይሸጥም ነበር። ተመልካቹም ውስጥ እንደማያገኝ ስለሚያውቅ፣ ጠዋት ፓርኪንግ ላይ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ የአራት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ይጠጣል። ከዚያ ጨዋታውን ሊያይ ይገባል፤ አያየውም። ውስጥ ቢሸጥለት ግን ረጋ ብሎ ይጠጣል። አንዱ ጣሳ አሥራ አራት ዶላር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይረጋል። ጥናቱ "ዓላማው ገንዘብ አይደለም" የሚለውን አምስት ቦታ ጽፎታል። ያኤልን አስቆጠርኳት። አንድ ጊዜ ቢሉኝ አምን ነበር።

ይህ ታላቅ ሐሳብ እኛ ሰፈር፣ ኖርዝላንድ ድረስ እንዴት እንደመጣ ልናገር።

የሰፈሩ አበሾች ማኅበራችን አንዲት ቫን ነበረችው። አሥራ አምስት ሰው ትጭናለች። ሽማግሌውንና አሮጊቱን ከየአፓርታማው ለቅማ ክሊኒክ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ገበያ ታደርሳለች። ነሐሴ ላይ ሞርስ ሮድ በሚባለው አውራ ጎዳና መብራት ይዟት እንደቆመች ቀረች። ወርደን ገፋናት። ከገፊዎቹ ሁሉ ወጣቱ እኔ ነበርኩ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። ዋጋ እንኳ አልነገረንም።

በዚህ ከተማ ቫን የሌለው ሽማግሌ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ልጄ የምትሠራው ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። ክሊኒክ ውሰጂኝ ለማለት፣ ቪዛ እንደሚጠይቅ ሰው ቃሌን አዘጋጅቼ በሯ ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ትተኛ ብዬ እመለሳለሁ። በረዶ ሳይወርድ ቫን ካልተገኘ የብርዱን ወራት በሙሉ በመስኮት ፓርኪንግ እያየሁ ላሳልፍ ነው። ያንን ፓርኪንግ በደንብ አውቀዋለሁ። አዲስ ነገር የለውም።

መስከረም ላይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ታዴዎስ ስብሰባ ጠራ። ታዴዎስ መልካም ሰው ነው። ሁለት ጋዝ ስቴሽንና ብዙ ከረባት አለው። ስብሰባ ላይ ሲቆም ድምፁ ይለወጣል።

"የተከበራችሁ አባላት" አለ። "ባደረግነው ያላሰለሰ ጥረት ከአንድ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ጋር በአጋርነት የምንሠራበት ሁኔታ ተመቻችቷል።"

"ምን ልንሠራ?" አለች እትዬ ላቀች። እሷ ነገር ሲረዝም አትወድም።

"በስታዲየም ተገኝቶ የመስተንግዶ አገልግሎት መስጠት ነው።"

"ምን እያስተናገድን?"

"ለስላሳና... ለስላሳ ያልሆኑ መጠጦችን።"

"ቢራ በልና አሳርፈን!"

"ቢራም ይገኝበታል" አለ ታዴዎስ።

አሠራሩን አስረዳን። ኮሌጁ ለሻጭ ደመወዝ አይከፍልም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የትምህርት ቤቱ ሙዚቃ ቡድን፣ ማኅበሩ ሁሉ ሰው በነጻ ያቀርባል፤ ከሽያጩ አሥር በመቶ ለበጎ ሥራው ይወስዳል። ስካርን የመቀነሱ ሥራ ለበጎ አድራጊዎች መሰጠቱ ተገቢ ነው። የእኛም በጎ ሥራ ቫን ነው።

ጸሐፊያችን መሰረት ግን ደንብ አዋቂ ናት። መተዳደሪያ ደንቡን አውጥታ አነበበች። "አንቀጽ ሰባት። በማኅበሩ በማናቸውም እንቅስቃሴ የአልኮል መጠጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።" ይህን አንቀጽ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ሰርግ ላይ ያየሁትን አይቼ።

ታዴዎስ አልደነገጠም። "አንቀጹ ይከበር!" አለ። "አንቀጽ ሰባት የተጻፈው ስካርን ለመቀነስ ነው። የኮሌጁ ጥናት ደግሞ ስካር የሚቀነሰው ቢራ ሲሸጥ መሆኑን አረጋግጧል። እንግዲህ አንቀጽ ሰባትን ከልብ ተግባራዊ እናድርግ ካልን፣ ቢራ መሸጥ ግዴታችን ነው።"

ቤቱ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ለሰው ወዲያው መልስ አይመጣለትም። መልስ እስኪመጣ ድረስ ይጨበጨባል።

"እኔ ቢራ አልነካም" አለ ከመስጊድ የማይቀረው ሙሳ። "ውሃና ዳቦ ስጡኝ።"

"ተሰጥቶሃል!" አለ ታዴዎስ።

እኔ ለመቃወም እጄን አነሳሁ። ከፍ አድርጌ ነው ያነሳሁት። መሰረት አየችኝና ጻፈች። ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጋሼ ብዙነህ እጃቸውን አንስተው በፈቃደኝነት ለማገልገል መጠየቃቸው በአድናቆት ተመዘገበ።"

"መሰረት፣ ተቃውሜ እኮ ነው" አልኳት።

"ውይ ጋሼ፣ ታይፕ አድርጌዋለሁ" አለችኝ።

መጠጥ ስለማልወድ፣ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው እንዳይገዛ መታወቂያ የሚታይበት አይዲ ቁጥጥር ላይ መደቡኝ። ለዚያ ሥልጠና አለው፤ በኮምፒውተር፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁለት ሰዓት። ያኤል ቁልፉን እየተጫነች ፈተናውን አለፈችው፤ እኔ አጠገቧ በክብር ተቀምጬ ነበር።

"ግራንድፓ፣ ዩ ፓስድ!"

"ስንት አመጣሁ?"

"ናይንቲ ሲክስ።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ማርክ አምጥቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። መሸጫችን ከመግቢያው አጠገብ ነው። እኔ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ሰልፉ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ላቀች ጣሳውን ከበረዶ አውጥታ ትከፍታለች፤ ሳይከፈት መስጠት ክልክል ነው። ታዴዎስ ካርድ ይቀበላል። ሙሳ በወዲያኛው ጫፍ ውሃውንና ጨው የተነሰነሰበትን ጥምዝ ዳቦ ይዞ ቆሟል፤ ከሁላችንም የእሱ ፊት ነበር የሚያበራው።

በሥልጠናው መሠረት ፎቶውን ማየት፣ የልደት ቀኑን ማየት፣ "ኢንጆይ" ብሎ ማሳለፍ ነው። አልቻልኩም። እኛ ዘንድ የሰውን ስም አንብቦ ዝም ማለት ነውር ነው። ስሙን ካወቅህ የማን ልጅ ነህ ትላለህ፤ አባቱን ካወቅህ እናትህስ ደህና ናት ትላለህ። መጀመሪያ የመጣው ቀይ ፀጉር ያለው፣ ትከሻው በር የሚዘጋ ልጅ ነው። አይዲው ላይ ዌስሊ ይላል። ሃያ አንድ ዓመት ከሞላው አምስት ቀኑ ነው።

"ዌስሊ" አልኩት። "ፋዘር ማን?"

"ኤክስኪዩዝ ሚ?"

"ፋዘር። ኔም።"

"ኧ... ግሬግ።"

"ማዘር ደህና? ሺ ኖው? ቢራ?"

ፊቱ ፀጉሩን መሰለ። "ኖ፣ ሰር።"

ሁለት ጣት አሳየኝ፤ ሁለት ጣሳ ማለቱ ነው። እኔ አንድ ጣት አሳየሁት። "ዋን። ኤንድ ዳቦ" ብዬ ወደ ሙሳ ጠቆምኩት።

"የስ፣ ሰር" አለ። ዳቦ ገዛ።

ታዴዎስ ወደ ጆሮዬ መጣ። "ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ቫናችንን እኮ ነው የሚከለክሉት!"

"ልጁ ቁርስ አልበላም።"

"እኛ ምን አገባን?"

"እናቱ እዚህ የለችማ" አልኩት።

ሰልፉ ዘገየ። ሲዘገይ ረዘመ። በዚህ አገር ረጅም ሰልፍ ያየ ሰው ምን እንደሚሸጥ ሳይጠይቅ ይሰለፋል። እንዲህ ሆኖ በሁለተኛው ጨዋታ፣ ሌላ መሸጫ ባዶውን ቆሞ፣ እኛ ጋ ሰልፉ ደረጃውን ዞረ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። "ሚ ኔክስት፣ ግራንድፓ!" ይላሉ። አንዱ ልጅ "አንድ ይበቃሃል" ካልኩት በኋላ ኮፍያውን አዙሮ፣ ሌላ ሰው መስሎ ተመልሶ መጣ። ለቢራው መስሎኝ ነበር። ዳግመኛ አንድ ይበቃሃል ስለው እየሳቀ ሄደ።

አንዲት ልጅ ደውላ ስልኳን እጄ ላይ አኖረችው። ክሊቭላንድ ያለችው እናቷ ናት።

"ሺ ድሪንክ" አልኳት።

እናትየዋ ስንት ብላ ጠየቀች። አንድ አልኳት። ጃኬት ለብሳለች ወይ አለችኝ። አልለበሰችም። ልጅቷን ከሰልፍ አስወጥቼ ወደ ወንበሯ ሰደድኳት። ጃኬቷን ለብሳ፣ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። እነሱም ጃኬት ለብሰዋል።

እትዬ ላቀችም ገባችበት። እሷ የምትቆጣው በአማርኛ ነው። "ይሄን የሚያህል ቁመት ይዘህ ለቢራ ትሰለፋለህ? ጎረምሳ! ሂድ አጥና!" ትለዋለች ጣሳውን እየከፈተች። "ቴንክዩ፣ ማም" ይላታል።

ከሠላሳ አንድ መሸጫ አንደኛ ወጣን።

ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ከኮሌጁ የደጋፊዎች ተሞክሮ ጽሕፈት ቤት ሚስ ኬልሲ የምትባል ወጣት ሴት መጣች። ታብሌት ይዛለች። ሥራችን "ኦተንቲክ"፣ ማስመሰል የሌለበት፣ እንደሆነ ነገረችን። ጽሕፈት ቤቷ "ቤተሰባዊ የግሳጼ አገልግሎት" የተባለ የሙከራ ፕሮግራም ቀርጿል፤ ባለ ሁለት ገጽ መመሪያም አለው። አንድ ግሳጼ ከስምንት ሰከንድ እንዳይበልጥ። ፈገግታ እንዳይቀላቀልበት። ከሃምሳ ዶላር በላይ ያወጣ ደንበኛ እንዳይገሰጽ። ታዴዎስ መመሪያውን በአማርኛ አስተርጉሞ የግሳጼ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው እሱ ሆነ። በዕድሜው ማንንም ተቆጥቶ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት የቫኑ ገንዘብ ግማሹን አለፈ። ታዴዎስም ተለወጠ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጠንከር ይበሉ እሺ? ባለፈው ትንሽ ለስለስ ብለው ነበር።"

"ሲያጠፉ ነው የምቆጣው።"

"ያጠፋሉ፣ ያጠፋሉ። እርስዎ ብቻ ይቆጡ።"

እኔ ግን አልተመቸኝም። በዕድሜዬ ሙሉ የጠላሁትን ነገር ከሠላሳ አንድ ሻጭ አንደኛ ሆኜ ሸጥኩ። አትጠጡ ባልኩ ቁጥር ይሸጣል። ዝም ብል ቫን የለም። ብናገር ቢራ ነው። ሌሊት የልጄን መኪና ድምፅ ስሰማ ያንን ፓርኪንግ አየዋለሁ፤ ቅዳሜ ሄጄ እቆጣለሁ።

በአምስተኛው ጨዋታ መጨረሻ ላይ የመሸጫችንን ቆሻሻ ማውጣት የእኔና የሙሳ ተራ ሆነ። ጆንያው አልነሳ አለን። ጎተትነው፤ ተቀደደ። ቢራው እንደ ጎርፍ ጫማችን ላይ ፈሰሰ። ሙሳ ወደ ኋላ ዘለለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ሙሉ ናቸው።"

እውነቱን ነው። የተከፈቱ፣ ያልተጠጡ፣ በግምት ከሸጥነው ሲሶ የሚሆኑ ጣሳዎች። ቀና ስል ዌስሊን አየሁት። ጣሳውን ሌላው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ በጥንቃቄ ሲያኖር ያዝኩት። ዳቦውን ግን ይበላል።

"ዋይ?" አልኩት።

አፈረ። ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ያልገባኝን ሙሳ ተረጎመልኝ። ቢራ አይወድም። ጣዕሙ ይመርረዋል። ክፍሉ ውስጥ ሦስት መቶ ተማሪ አለ፤ ስሙን የሚጠራው የለም። "ካልገዛ ደግሞ እርስዎ አይጠይቁትም" አለኝ ሙሳ።

እኔም ልጄ እስክትነሳ ድረስ ቀኑን ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ የለም። 

"ግሬግ ደህና?" አልኩት።

"ሂ ኢዝ ጉድ፣ ሰር።"

እንግዲህ ኮሌጁን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ሳሾፍበት ቆይቻለሁ፤ ጥናቱ ግን ትክክል ነው። ቢራ በመሸጥ ስካር ይቀነሳል። በእኛ መሸጫ ተረጋገጠ። ልቤ ቀለለኝ። ቫኑም ይመጣል፣ ልጆቹም አይጠጡም። እንዲህ ያለ ደስታ ሲገጥመኝ ዝም ማለት ነበረብኝ። ለታዴዎስ ነገርኩት።

ታዴዎስ በደስታ ሪፖርት ጻፈ። "በመሸጫችን ከተሸጠው ቢራ ሲሶው ያልተጠጣ መሆኑን፣ በዚህም የጥናቱ ክቡር ዓላማ ግቡን መምታቱን ስንገልጽ ታላቅ ኩራት ይሰማናል" ይላል። ወዲያው ለስብሰባ ተጠራን። ሽልማት ነው ብለን ሁላችንም ከረባት አሠርን። የእኔ የታዴዎስ ነው፤ አዋሰኝ።

ሚስ ኬልሲ ተቀምጣለች። አጠገቧ የቢራ አከፋፋዩ ሰውዬ አለ። ፈገግ አላሉም።

"ጠጪ ቀንሷል" አለ ታዴዎስ ቆሞ።

"በስንት?" አለ ሰውዬው።

"በሲሶ!"

ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን፤ ተማሪዎች ተራ በተራ ሙሉ ጣሳ ወደ በርሜል ሲጥሉ። ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። "ሁለተኛውን የሚገዛው የመጀመሪያውን የጠጣ ሰው ነው" አለ። "ያልጠጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም።"

"ዓላማው ስካርን መቀነስ ነው ብላችኋል" አልኩ። ታዴዎስ እየፈራ ተረጎመው።

"መቀነስ፣ አዎ" አለች ሚስ ኬልሲ። "ልክ ግን አለው።"

ደብዳቤው በማግስቱ ደረሰኝ። ያኤል አነበበችልኝ። ስካርን በመቀነስ ረገድ ላደረግሁት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ኮሌጁ እያመሰገነ፣ ከኃላፊነቴ አንስቶኛል።

በመጨረሻው ጨዋታ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ለሁሉም "ኢንጆይ" ይላል። እኔን ሙሳ ጋ፣ ውሃው ዘንድ አኖሩኝ። ሰልፉ ዞሮ ተከተለኝ። ለውሃ አይዲ አያስፈልግም፤ እነሱ ግን እያወጡ ያሳዩኛል። "ዋን ሞር! ጠጣ!" እላለሁ። ይጠጣሉ። ውሃ የጣለ አንድም ሰው አላየሁም። ግማሹ ጨዋታ ሳያልቅ ውሃው አለቀ። ነገር ግን የውሃ አሥር በመቶ እንደ ቢራ አሥር በመቶ አይደለም። ለቫኑ ሲሶ ጎደለን። ልክ ያልተጠጣውን ያህል።

ሰኞ በረዶ ጣለ። እኔም ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

ሐሙስ አከፋፋዩ ሰውዬ ለታዴዎስ ኮል አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም። ለማስታወቂያ ያዞራት የነበረች አንዲት ቫን አለችው፤ አሥራ አምስት ሰው ትጭናለች፣ ሞተሯ ደህና ነው። በያዝነው ገንዘብ ሊሰጠን ፈቀደ። ሽማግሌ ሲቸገር ማየት ስለማይወድ ነው እንጂ ዓላማው ገንዘብ አይደለም አለ። አንዲት ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለችው። ሥዕሉ ለሁለት ዓመት አይነሳም።

ሥዕሉ በግራም በቀኝም ነው። ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ላብ ያጠመቀው የቢራ ጣሳ። ከኋላዋ "በኃላፊነት ይጠጡ" ይላል።

ስብሰባ ተጠራ። መሰረት አንቀጽ ሰባትን አነበበች። ታዴዎስ ተነሳ። "አንቀጽ ሰባት የሚናገረው ስለሚጠጣ ነገር ነው" አለ። "ሥዕል ይጠጣል?"

ማንም ሥዕል ጠጥቶ አያውቅም። ተጨበጨበ። እኔ እጄን አነሳሁ። ይህን ጊዜ ቆሜ ነው ያነሳሁት። መሰረት አየችኝ፣ ጻፈች፣ አነበበች፦ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጋሼ ብዙነህ የፊት ወንበር እንዲሰጣቸው ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።"

አፌን ከፈትኩ። ውጭ በረዶው ይወርዳል። ዘጋሁት።

አሁን ቫኗ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰናለች። መጀመሪያ የምወርደው እኔ ነኝ፤ ከጎኔ ጣሳው አለ። ቄሱ ደረጃው ላይ ቆመው እሱንም እኔንም ያያሉ። መንገድ ላይ ተማሪዎች ጥሩምባ እየነፉ "ግራንድፓ!" ይሉኛል። እኔም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጃኬት የሌለውን እቆጣለሁ። ትናንት አከፋፋዩ ደወለ። ቫኗ መዞር ከጀመረች ወዲህ ሞርስ ሮድ ላይ ሽያጩ ጨምሯል፤ ሁለተኛ ቫን ሊጨምርልን ያስባል። ዓላማው ገንዘብ አይደለም ያለው ግን ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ዳግመኛ አላለውም። አንድ ጊዜ ብቻ ስላለው አመንኩት። የፊት ወንበሩም ይሞቃል።